ሩሚ፣ በልኺ ወይስ መውላና?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

(ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ የዚህን ባለቅኔ ጥቂት ግጥሞች ወደ አማርኛ መልሼ ለማሳተም እየተዘጋጀሁ ነው። ያስቸገረኝ ስሙ ነው። አንዱ መጽሐፍ «ጀላሉዲን ሩሚ» ይለዋል፤ ሌላው «መውላና»፤ ሌላው «በልኺ»፤ በኢራን የታተመው ደግሞ «መውለዊ»። ግጥሞቹን የ«ሻምስ ተብሪዚ» የሚያደርግም አጋጥሞኛል። ሁሉም አንድ ሰው ናቸው? ሽፋኑ ላይስ የቱን ላውጣ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከሻምስ በስተቀር ሁሉም አንድ ሰው፣ የ13ኛው መቶ ዘመን የፋርስኛ ባለቅኔ፣ ናቸው። ግራ የሚያጋባው እያንዳንዱ መጠሪያ የተለያየ ሥራ ስላለው ነው፤ ስለዚህ ስሙን በየክፍሉ ፈታ አድርገው ይዩት።

የተጸውዖ ስሙ መሐመድ ነው። አባቱም መሐመድ፣ አያቱ ሑሴን። እኛ አገር ቢወለድ ኖሮ መታወቂያው ላይ «መሐመድ መሐመድ ሑሴን» ተብሎ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። «ጀላሉዲን» (የሃይማኖት ግርማ) የክብር መጠሪያው ነው። «በልኺ» እና «ሩሚ» ከቦታ የተወሰዱ ናቸው፤ የበልኽ ሰው፣ የሩም ሰው ለማለት። «መውላና» ማለት «ጌታችን» ሲሆን፣ ተማሪዎቹና ተከታዮቹ የጠሩበት ማዕረግ ነው። በዘመኑ በፋርስኛ «ኹዳወንድጋር» ይሉትም ነበር፤ ትርጉሙ ከዚያው ብዙ አይርቅም።

ከነዚህ ሁሉ ራሱ የጻፈው የትኛውን ነው? «መስነዊ» የተባለው ረጅም የግጥም ሥራው የመጀመሪያ መጽሐፍ ዐረብኛ መቅድም ላይ የሥራውን ባለቤት ሲያስተዋውቅ «መሐመድ የመሐመድ ልጅ፣ የሑሴን ልጅ፣ በልኺ» ይላል። «ሩሚ» የሚል የለበትም። ነገሩ የሚገርም አይደለም። የቦታ መጠሪያ የሚወጣው ባለቤቱ ከዚያ ቦታ ሲርቅ ነው። ባለቅኔው በኖረባት በኮንያ ከተማ ውስጥ ሁሉም የሩም ሰው ስለሆነ አንዱን «ሩሚ» ብሎ መለየት ትርጉም የለውም፤ እዚያ የሚለየው ከበልኽ መምጣቱ ነው። ከአናቶልያ (ከዛሬዋ ቱርክ ምድር) ውጭ ላለ አንባቢ ደግሞ የሚለየው በሩም ምድር መኖሩ ሆነ። ካይሮ ተወልዶ የኖረው የ18ኛው መቶ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ አብዱራሕማን አል-ጀበርቲም ጀበርቲ የተባለው ቅድመ አያቶቹ ከኛው ቀጠና፣ ከዘይላ ወገን ስለሄዱ ነው። በዚህ ዓይነት መጠሪያ የሰውን የትውልድ ቦታ ለማረጋገጥ የሚሞክር ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል።

«ሩም» ራሱ የሮም መንግሥት ማለት ነው፤ ጣልያን ያለችው ሮማ ግን አይደለችም። ክብረ ነገሥትን ያነበበ ይህን አይስተውም። እዚያም «ንጉሠ ሮም» የሚባለው የቁስጥንጥንያው ንጉሥ ነው። ሰልጁቆች (የቱርክ ሥርወ መንግሥት) የቁስጥንጥንያውን ንጉሥ ካሸነፉበት ከ1071 የማንዚከርት ጦርነት በኋላ አናቶልያን ሲይዙ የአገሩ ስም አልተለወጠም፤ መንግሥታቸው የሩም ሱልጣኔት ተባለ፣ ኮንያም መናገሻው ሆነች። «ሩሚ» የተባሉ ሌሎች ሰዎችም ሞልተዋል። በ1229 የሞተው የጂኦግራፊ ሊቅ ያቁት አል-ሐመዊም ሩሚ ይባላል። ስለዚህ «ሩሚ» የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ የእጅ ጽሑፍ መዝገብ ውስጥ ፍለጋ መግባት አይመከርም።

ሁለት ወጥመዶች ይቀራሉ። አንደኛው «መውለዊ» ነው። የኢራን መጽሐፍ «መውለዊ» ሲል ባለቅኔውን ማለቱ ነው፤ የቱርክ መጽሐፍ ያንኑ ቃል «ሜቭሌቪ» ብሎ ሲጽፈው ግን ከሱ በኋላ የተደራጀውን የደርቪሾች (የሱፊ መናንያን) ማኅበርና አባላቱን ማለቱ ነው። «አንድ መውለዊ እንዲህ አለ» የሚል ዐረፍተ ነገር ሲያጋጥምዎ መጽሐፉ የት እንደታተመ ይዩ። ሁለተኛው ሻምስ ነው። የተብሪዙ ሻምስ በ1244 ኖቬምበር ወር መጨረሻ ላይ ኮንያ የገባ፣ የባለቅኔውን ሕይወት የገለበጠና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደብዛው የጠፋ ሌላ ሰው ነው። የፋርስኛ ገዘል (አጭር የፍቅር ግጥም) ደራሲ በመጨረሻው ቤት (ጥንድ መስመር) ላይ የብዕር ስሙን የማስገባት ልማድ አለው። መውላና ግን በራሱ ስም ፈንታ የወዳጁን የሻምስን ስም አስገባ፤ ስብስቡም «ዲዋነ ሻምስ» ተባለ። መጨረሻውን ብቻ ያየ ሰው ግጥሙን ለሻምስ ይሰጣል። ስሙን በማያስገባበትም ጊዜ ብዙውን ጊዜ «ኻሙሽ» (ዝም በል፣ ዝምተኛው) ብሎ ይዘጋል፤ ይህም ሌላ ገጣሚ አይደለም።

አጻጻፉን በተመለከተ ከእንግሊዝኛ ፊደል ላይ አይገልብጡ። «ባልክሂ» የሚል የታተመ አይተናል፤ አማርኛ ኽ እያለው «በልኽ፣ በልኺ» ማለት ነው። በቱርክኛው የላቲን ፊደል «ሲ» የምትመስለው ሆሄ የምትነበበው ጀ ተብላ ነው። ስለዚህ «ሴላለዲን» ሳይሆን «ጄላለዲን» ነው፤ አገራችን በለመደው አጠራር ደግሞ «ጀላሉዲን»።

የእኛ ምክር ይህ ነው። ሽፋኑና ጀርባው ላይ «ሩሚ» ይሁን፤ ገዢው የሚፈልገው በዚህ ነው። ውስጠኛው የርእስ ገጽ ላይ «መውላና ጀላሉዲን መሐመድ በልኺ (ሩሚ)» ብለው ሙሉውን ያውጡት። ማውጫ ካለው ዋናውን በረ ሥር «ሩሚ» ላይ ያድርጉና፣ በመ ሥር «መውላና» እና «መውለዊ»፣ በበ ሥር «በልኺ»፣ በጀ ሥር «ጀላሉዲን» የሚሉት ወደዚያ ይምሩ። አባቱ በሃኡዲን ወለድ እና ልጁ ሱልጣን ወለድ ሁለቱም በሃኡዲን መሐመድ ስለሚባሉ «ወለድ» የሚለውን ቅጽል ከሁለቱም አይጣሉ።

ጥያቄ፦ የምሠራበት ቦታ አፍጋናዊ፣ ኢራናዊና ቱርካዊ ባልደረቦች አሉኝ። በሩሚ ጉዳይ ሁልጊዜ ይጣላሉ፤ ሦስቱም «የኛ ነው» ይላሉ። እኔን ዳኛ ካደረጉኝ ሰነበቱ። ማን ነው ትክክል? (ከዱባይ)

መልስ፦ ታጂክ ባልደረባ ስለሌለዎት እግዜር ይመስገን ይበሉ፤ አራተኛ ተሟጋች ይመጣብዎ ነበር።

ክርክሩ የሚበላሸው ሦስቱ ሰዎች ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን እየመለሱ ስለሆነ ነው። አንዱ ስለ ትውልድ፣ አንዱ ስለ ቋንቋ፣ አንዱ ስለ መኖሪያና መቃብር ያወራል። ለየብቻ ያስቀምጧቸው።

ትውልድ፦ ቤተሰቡ የበልኽ ነው። በልኽ ዛሬ በሰሜን አፍጋኒስታን፣ ከመዛሪ ሸሪፍ በስተ ምዕራብ ያለች ቦታ ናት። የአፍጋኑ ባልደረባዎ መሠረት ይህ ነው፤ ባለቅኔው ራሱ «በልኺ» ማለቱም ይረዳዋል። ነገር ግን አባቱ በሃኡዲን ወለድ በእጁ የጻፈው ማስታወሻ ስብስብ («መዓሪፍ» ይባላል) በ1204 እና በ1210 መካከል የነበረበትን ቦታ ወኽሽ ያደርገዋል። ወኽሽ ከአሙ ዳርያ ወንዝ ማዶ፣ በዛሬዋ ደቡብ ታጂኪስታን ነው። ልጁ የተወለደው በ1207 ስለሆነ ወኽሽ ተወልዷል የሚሉት ተመራማሪዎች ማስረጃቸው ጠንካራ ነው። ይህን የማስታወሻውን ማስረጃ በዝርዝር ያወጣው የስዊሱ ምሁር ፍሪትስ ማየር ነው። ወኽሽ በዚያ ዘመን ከበልኽ ባህል ክልል ውጭ የምትታይ አልነበረችም፤ ስለዚህ ወኽሽ የተወለደ የበልኽ ቤተሰብ ልጅ «በልኺ» መባሉ አያጣላም።

ቋንቋ፦ ይሄ ለኢራናዊው ነው፣ ግን እንዳሰበው ለብቻው አይደለም። መስነዊ ከ25 ሺህ በላይ ባለሁለት መስመር ቤቶች በስድስት መጽሐፍ የያዘ ሲሆን ፋርስኛ ነው፤ ዲዋኑም በአብዛኛው እንዲሁ። ዐረብኛ ግጥሞች አሉት፤ በቱርክኛና በግሪክኛ የተጻፉት ግን እዚህም እዚያም የገቡ ጥቂት ስንኞች ናቸው። ነገር ግን ፋርስኛ በዘመኑ ከአናቶልያ እስከ ሕንድ የቤተ መንግሥትና የሥነ ጽሑፍ ቋንቋ ነበር። ዛሬም ኢራን ውስጥ ፋርሲ፣ አፍጋኒስታን ውስጥ ደሪ፣ ታጂኪስታን ውስጥ ታጂክ የሚባሉት አንድ ቋንቋ ናቸው። ሰውየው በዛሬዋ ኢራን ምድር ኖሮ አያውቅም፤ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር አልፎባታል። ኢራን የማይካድ ድርሻዋ በሌላ በኩል ነው፦ ዲዋኑን ከጥንታዊ የእጅ ጽሑፎች አመሳክሮ በአስተማማኝ ሁኔታ ያሳተመው የቴህራን ዩኒቨርሲቲው በዲዑዘማን ፉሩዛንፈር ነው።

መኖሪያና መቃብር፦ እዚህ ቱርካዊው አይሸነፍም። ቤተሰቡ በ1216 ወይም በ1217 ገደማ ከምሥራቅ ተነሣ፤ በባግዳድና በመካ አድርጎ አናቶልያ ገባ። ላረንዴ (የዛሬዋ ካራማን) ሰባት ዓመት ያህል ተቀመጡ፤ እናቱ ሙእሚና ኻቱን እዚያ ሞተች፣ እሱም እዚያው አገባ። በ1229 ገደማ በሱልጣን አላኡዲን ከይቁባድ ዘመን ኮንያ ገቡ። ወደ ሐለብና ደማስቆ ከመሄዱ በቀር እስከ ሞቱ፣ እስከ 1273፣ የኖረው፣ ያስተማረውና የጻፈው ኮንያ ነው። መቃብሩም እዚያ ነው። የቱርክ መንግሥት በ1925 የደርቪሽ ማኅበራትን ሁሉ በሕግ ዘጋ፤ በ1927 ግን መቃብሩ ያለበትን ግቢ ሙዚየም አድርጎ ከፈተው። ሰውየውን የራስ እያደረጉ ማኅበሩን መዝጋት እንዴት እንደሚስማማ ቱርካዊውን ይጠይቁት።

ሦስቱም የሚያነሷቸው፣ እርስዎ ግን ማስረጃ ብለው መቀበል የሌለብዎት ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛው «መነሻዬ ቱርክ ነው፣ በሕንድኛ ብናገርም» የሚለው አራት ስንኝ ነው። በፋርስኛ ግጥም ቱርክ፣ ሕንዳዊ፣ ሩሚ፣ ዘንጂ (ጥቁር አፍሪካዊ) የተለመዱ ምሳሌያዊ ምስሎች ናቸው። ቱርክ ብርሃን፣ ውበትና ኃይል፣ ሕንዳዊ ጨለማና ሎሌነት ናቸው። ይኸው ገጣሚ በሌላ ቦታ በአንድ ስንኝ አራቱንም ነኝ ይላል። እንደ ልደት ምስክር ወረቀት የሚነበብ አይደለም።

ሁለተኛው የአስታራቂው ግጥም ነው፤ «ከምሥራቅም አይደለሁም፣ ከምዕራብም፤ ክርስቲያንም አይደለሁም፣ አይሁድም» የሚለው። እንግሊዛዊው ኒኮልሰን በ1898 ባሳተመው ምርጫ ውስጥ ስለገባ በዓለም ተሰራጨ፤ በጥንታዊዎቹ የእጅ ጽሑፎች ላይ በተመሠረተው በፉሩዛንፈር እትም ግን የለም። የሱ ስላልሆነ ክርክሩን አይዘጋም።

ሦስተኛው «ሞንጎሎች በልኽን ሲያቃጥሉ ሸሹ» የሚለው ታሪክ ነው። በልኽ የጠፋችው በ1220 እና 1221 ነው፤ ቤተሰቡ ያኔ ከወጣ ዓመታት አልፈውታል። ከዚያም በፊት ልጁ ሳማርቃንድ ነበር፤ በ1212 ገደማ የኸዋርዝም ሻህ (የመካከለኛው እስያ ንጉሥ) ከተማዋን ሲከብ ማየቱን በንግግሮቹ ስብስብ ውስጥ ያስታውሳል። አባቱን ያሰደደው ከፈላስፋው ፈኽሩዲን ራዚ ጋር የገባበት ጠብ ነው የሚለው ወሬም አይሠራም፤ ራዚ በ1210 ሞቷል።

ወደ ዩኔስኮ ዞር ካሉ የባልደረቦችዎ ጠብ በደብዳቤ ሲጻፍ ያገኙታል። በ2007 የልደቱ 800ኛ ዓመት ሲከበር ሐሳቡን ያቀረቡት አፍጋኒስታን፣ ግብፅና ቱርክ ነበሩ፤ የጸደቀው ስም «በልኺ-ሩሚ» ተብሎ በሰረዝ ተያያዘ። በ2016 ኢራንና ቱርክ ሥራዎቹን በዓለም ትውስታ መዝገብ በጋራ ሊያስመዘግቡ ነው ሲባል የአፍጋኒስታን መንግሥት ተቃውሞውን አሰማ። ስለዚህ ፍርዱን ሲሰጡ «የበልኽ ቤተሰብ ልጅ፣ የፋርስኛ ባለቅኔ፣ የኮንያ ነዋሪ» ይበሏቸው። አፍጋኒስታን፣ ኢራንና ቱርክ በዛሬው ድንበራቸው ያኔ አልነበሩም፤ ከዚህ ያለፈ ቅጽል የሚጨምር ሰው የዛሬውን ፓስፖርት ለ13ኛው መቶ ዘመን እያደለ ነው።

ጥያቄ፦ የዘር ሐረጉ ከአቡበክር ሲዲቅ ይነሳል፣ አያቱም ልዕልት ነበረች ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ አይደለም። ሁለቱም አፍላኪ የተባለ ጸሐፊ በ1318 መጻፍ በጀመረው የደርቪሾቹ ማኅበር ገድል ውስጥ ይገኛሉ፤ ባለቅኔው ከሞተ 45 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ከቤተሰቡ ሴት ቅድመ አያቶች አንዷ በ1090 ከሞተው ከሰረኽሱ የሕግ ሊቅ አቡበክር ትወለዳለች፤ ሁለቱ አቡበክሮች ተምታተው ሳይሆን አይቀርም። ልዕልቷን የኸዋርዝም ሻህ አላኡዲን ልጅ ያደርጓታል። ንጉሡ ዙፋን የወጣው በ1200 ነው፤ ልጅዋ ነው የተባለው በሃኡዲን ወለድ ግን የተወለደው በ1150 ገደማ ነው። ዕድሜው አይገጥምም።

ጥያቄ፦ ለሠርግ ጥሪ ካርድ «ና፣ ና፣ ማንም ብትሆን ና…» የሚለውን የሩሚን ግጥም መርጠን ነበር። አንድ ዘመድ የሱ አይደለም አለን። እንዴት እናረጋግጣለን? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ዘመድዎ ልክ ናቸው። ይህ ሩባዒ (ባለአራት ስንኝ ግጥም) በ1049 ለሞተው ለሱፊው ለአቡ ሰዒድ አቡልኸይር ሲሰጥ የኖረ ነው፤ እሱ የሞተው ሩሚ ከመወለዱ 158 ዓመት ቀድሞ ነው። ኮንያ ውስጥ በስጦታ ዕቃ ላይ ታትሞ ስለሚሸጥ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ለሌላ ጊዜ እንዲህ ያድርጉ። ጥቅሱን የለጠፈውን ሰው ቁጥር ይጠይቁት። ከመስነዊ ከሆነ መጽሐፉ (ከ1 እስከ 6) እና የቤቱ ቁጥር ይኖረዋል። ለዚህ የሚያገለግለው ኒኮልሰን ከ1925 እስከ 1940 በስምንት ጥራዝ ያወጣው እትም ነው፤ የፋርስኛው ንባብ፣ ትርጉሙና ማብራሪያው ሁሉ አለበት። ከዲዋኑ ከሆነ የፉሩዛንፈር ቁጥር አለው፤ ገዘሎቹ እስከ 3229፣ ሩባዒዎቹ እስከ 1983 ይደርሳሉ። ቁጥር ከሌለ የፋርስኛውን የመጀመሪያ ስንኝ ይጠይቁና «ጋንጁር» በተባለው የፋርስኛ ግጥም ድረ ገጽ ላይ ይፈልጉት። ሁለቱም ከሌሉ ካርዱ ላይ ስም አይጻፉ፤ ጥቅሱን ብቻውን ማተም ማንንም አያሳጣም።

ከሁሉም የበለጠ ጥርጣሬ የሚያሻቸው ሩባዒዎች ናቸው፤ አጭር ስለሆኑ ከአንዱ ገጣሚ ወደ ሌላው በቀላሉ ይሻገራሉ። በእንግሊዝኛ የሚዞሩት ብዙዎቹ ደግሞ ፋርስኛ በማያነቡ ሰዎች ከቀደመ ትርጉም የተቀዱ ስለሆኑ፣ ግጥሙ የሱ ቢሆንም እንኳ የቁርኣኑና የነቢዩ ነገር ተቀንሶበት ይገኛል።

ጥያቄ፦ ሐበሻን አንስቶ ያውቃል? (ከሐረር)

መልስ፦ አዎ፣ በተለይ የነቢዩ መሐመድ ባልደረባ የነበረውን ሐበሻውን ቢላልን። በ6ኛው የመስነዊ መጽሐፍ ቢላል በሒጃዝ ፀሐይ እየተገረፈ «አሐድ፣ አሐድ» ሲል ይተርካል። ለአማርኛ አንባቢ ይበልጥ የሚጥመው ግን የ3ኛው መጽሐፍ ታሪክ ነው። ቢላል አዛን (የሶላት ጥሪ) ሲያደርግ «ሐየ» («ኑ») ማለት ሲገባው «ሀየ» ይላል። ሰዎች «ሃይማኖቱ ገና ሲጀመር እንዲህ ያለ ስህተት ነውር ነው፤ አንደበቱ የተስተካከለ ሰው ይሾም» ብለው ለነቢዩ አመለከቱ። ነቢዩ ተቆጡ፤ የቢላል «ሀየ» በአላህ ዘንድ ከመቶ «ሐ» እና «ኀ» ይበልጣል አሉ። የገበታችንን ሀሌታውን ሀ፣ ሐመሩን ሐና ብዙኃኑን ኀ በንግግር አንድ ካደረግን ስንት ዘመን ሆነን!

ጥያቄ፦ ለተማሪዎቼ ልደቱንና ሞቱን በኛ አቆጣጠር ልጽፍ ብዬ በስልክ መተግበሪያ ባሰላው ከአንድ መጽሐፍ ጋር በሰባት ቀን ተለያየብኝ። የቱ ነው ስህተቱ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መተግበሪያው ነው። መነሻው የሒጅራ ቀን ነው፦ ልደቱ ረቢዑል አወል 6 ቀን 604፣ ሞቱ ጁማደል ሣኒ 5 ቀን 672። መጻሕፍት እነዚህን ሴፕቴምበር 30 ቀን 1207 እና ዲሴምበር 17 ቀን 1273 ብለው ይጽፏቸዋል። ይህ ግን የጁልያን (የቀድሞው የአውሮፓ) አቆጣጠር ነው፤ የዛሬው የጎርጎርዮስ አቆጣጠር የመጣው በ1582 ነው። አብዛኛው መተግበሪያ የሰጡትን ቀን ሁሉ ጎርጎርዮሳዊ አድርጎ ወደ ኋላ ይቆጥራል፤ በ13ኛው መቶ ዘመን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ልክ ሰባት ቀን ነው።

በእጅ ለመሥራት ቀላል ነው። በጁልያን አቆጣጠር መስከረም 1 ሁልጊዜ ኦገስት 29 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ብቻ ኦገስት 30 ይሆናል። 1199 ዓ.ም. ለአራት ሲካፈል ሦስት ስለሚተርፈው ጳጉሜን ስድስት ነበረች። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 1200 ዓ.ም. ኦገስት 30 ቀን 1207 ዋለ፤ ከዚያ 31 ቀን ሲቆጥሩ ልደቱ ጥቅምት 2 ቀን 1200 ዓ.ም. ይሆናል። መተግበሪያው መስከረም 25 ብሎዎት ይሆናል። ለሞቱ ከኦገስት 29 ቀን 1273 ተነስተው 110 ቀን ይቁጠሩ፤ ታኅሣሥ 21 ቀን 1266 ዓ.ም. ያገኛሉ፤ መተግበሪያው ታኅሣሥ 14 ይላል። የሒጅራ ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሆነ የአንድ ቀን ፈቀቅታ ቢያዩ አይደንግጡ።

ኮንያ ላይ «ሼብ-ኢ አሩስ» (የሠርግ ሌሊት) ተብሎ የሚከበረው የሞቱ መታሰቢያ ሌላ ነው፤ እሱ ዲሴምበር 17ን በአዲሱ አቆጣጠር ስለሚይዝ በኛ ታኅሣሥ 8፣ በአንዳንድ ዓመት ታኅሣሥ 7 ይውላል። ሰሌዳው ላይ «ከ1200 እስከ 1266 ዓ.ም.» ብለው ይጻፉ። «1207 ዓ.ም.» ብሎ «እ.ኤ.አ.» ሳይጨምር ያሳተመ መጽሐፍ ካለዎት ሰውየውን ሰባት ዓመት ዘግይቶ እንዲወለድ አድርጎታልና በእርሳስ ያርሙት።